የጊታር ፕሮሰሰርዎ በየትኛው በር ይግባ?

አጎቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ በምሽት ክበብ ጊታር ይጫወት የነበረ ሰው ነው፡፡ ኑሮውን ውጭ አገር ካደረገ ብዙ ዓመት ሆኖታል፡፡ የዛሬ ሦስት ዓመት ለአንድ ወር ሊጠይቀን መጥቶ ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእኔን ጊታር አነሳና በትዝታ ቅኝት መጫወት ጀመረ፡፡ ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ፡፡ እኔም ዕድሉ አያምልጠኝ ብዬ ተሯሩጬ ጊታሩን ከፕሮሰሰር፣ ፕሮሰሰሩን ከኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ኢንተርፌሱን ከላፕቶፕ ጋር አገናኘሁና መቅረጽ ጀመርኩ፡፡ ሁለት ሰዓት ያህል ተጫወተ፡፡

አጎቴ ወደ መጣበት ከተመለሰ በኋላ ቅጂውን ከፍቼ ሳዳምጥ ግን ክው አልኩ፡፡ ክሩን ጠንከር አድርጎ በመታበት ቦታ ሁሉ ድምፁ ተሰነጣጥቋል፡፡ በዕለቱ ያላወቅነው፣ ሁላችንም እናዳምጥ የነበረው ከፕሮሰሰሩ በቀጥታ በተገናኘ ስፒከር ስለነበረ ነው፡፡ እሱ ንጹሕ ነበር፡፡ የተበላሸው ወደ ላፕቶፑ የሚገባው ነው፡፡ ቅጂውን ያሰማኋቸው አንድ የስቱዲዮ ባለሙያ ትንሽ ካዳመጡ በኋላ "ይሄ አይመለስም" አሉኝ፡፡

ጥፋቱ የፕሮሰሰሩም የኢንተርፌሱም አልነበረም፡፡ የእኔ ነበር፡፡ በኢንተርፌሱ ላይ መጥፋት የነበረባት አንዲት ትንሽ ቁልፍ በርታ ነበር፡፡ በየቤቱ ከሥራ በኋላ ጊታር የሚያነሱ፣ ለመዝሙርም ለዘፈንም ለራስም የሚቀርጹ ሰዎች እየበዙ ስለሆነ፣ እኔን ያጋጠመኝ እርስዎን እንዳያጋጥምዎ ነገሩን ከሥሩ እንየው፡፡

ሁለቱ ዕቃዎች ምን ይሠራሉ?

ድሮ ኤሌክትሪክ ጊታር ለመቅረጽ አምፕሊፋየር፣ ከፊቱ የሚቆም ማይክሮፎን፣ እንዲሁም ጎረቤት የማይቆጣበት ክፍል ያስፈልግ ነበር፡፡ ዲጂታል የጊታር ፕሮሰሰር ይህን ሁሉ በአንድ ሣጥን ውስጥ አጠቃለለው፡፡ የጊታሩን ደካማ ሲግናል ወደ ቁጥር ይለውጥና የአምፕሊፋየሩን፣ የስፒከሩን፣ የዲስቶርሽኑን፣ የዲሌዩንና የሪቨርቡን ባሕርይ በስሌት አስመስሎ ይጨምርበታል፡፡ ከዚያ መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል ቀይሮ ያወጣዋል፡፡ ይህን አሠራር ለብዙኃኑ ካስተዋወቁት ዕቃዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ የቀረበው የላይን 6 ኩባንያ ፖድ ነው፡፡ ቦስና ዙምም በዚሁ ዘርፍ ስማቸው የታወቀ ነው፡፡

ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ በእኛ ዘንድ ብዙዎች "ሳውንድ ካርድ" የሚሉት፣ ሥራው ሌላ ነው፡፡ ድምፅ አያሳምርም፡፡ የመጣለትን የኤሌክትሪክ ሲግናል ለካ አድርጎ ኮምፒውተር ወደሚያነበው ቁጥር ይለውጣል፣ ከኮምፒውተሩ የሚመጣውንም ወደ ጆሮ ማዳመጫና ወደ ስፒከር ይመልሳል፡፡

ልብ ይበሉ፤ ከፕሮሰሰሩ የሚወጣው ድምፅ ተሠርቶ ያለቀ ነው፡፡ ኢንተርፌሱ እንዲቀበለው ብቻ እንጂ እንደገና እንዲያጎላው አይፈለግም፡፡ ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ ከዚህች አንዲት ሐሳብ የሚመነጭ ነው፡፡

በነገራችን ላይ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተሠሩ በርካታ ፕሮሰሰሮች የራሳቸው የዩኤስቢ መውጫ ስላላቸው ያለ ኢንተርፌስ በቀጥታ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛሉ፡፡ ጊታር ብቻ ለሚቀርጽ ሰው ይህ በቂ ነው፡፡ ድምፃዊ በማይክሮፎን፣ ክራር ወይም ኪቦርድ አብሮ መቅረጽ ሲመጣ ግን ችግር አለ፡፡ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ለቀረጻ የሚመረጠው አሲዮ የተባለው ድራይቨር በአብዛኛው በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚያስተናግደው፡፡ በማክ ኮምፒውተር ሁለቱን ማጣመር ቢቻልም የሰዓታቸው መጣጣም ሌላ ጣጣ ነው፡፡ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ኢንተርፌስ ማስገባቱ ይቀላል፡፡

ሦስቱ በሮች

የኢንተርፌስ መግቢያ አንድ ቀዳዳ ቢመስልም ሦስት በር ነው፡፡

የመጀመሪያው የማይክሮፎን በር ነው፡፡ ከማይክሮፎን የሚመጣው ሲግናል በሺዎች የሚቆጠር የቮልት ክፍልፋይ ስለሆነ እጅግ ደካማ ነው፡፡ ኢንተርፌሱ ብዙ እጥፍ ያጎላዋል፡፡

ሁለተኛው "ኢንስትሩመንት" ወይም "ሃይ ዚ" ተብሎ የሚጻፍበት የጊታር በር ነው፡፡ ጊታርን ያለ ምንም መሐል ገብ ዕቃ በቀጥታ ለመሰካት የተሠራ ነው፡፡ የጊታር ፒክአፕ ጭነት ሲበዛበት ብሩህነቱን ስለሚያጣ፣ ይህ በር አንድ ሚሊዮን ኦም ገደማ የሆነ ከፍተኛ ኢምፒዳንስ አለው፡፡

ሦስተኛው "ላይን" የሚባለው በር ነው፡፡ ሚክሰር፣ ኪቦርድ፣ ሲዲ ማጫወቻ የመሳሰሉት በራሳቸው ኃይል የጎላ ሲግናል የሚያወጡ ዕቃዎች የሚገቡት በዚህ ነው፡፡ የፕሮፌሽናል ዕቃዎች የላይን መጠን መነሻ 1.23 ቮልት፣ የቤት ውስጥ ዕቃዎች ደግሞ 0.316 ቮልት ነው፡፡

የጊታር ፕሮሰሰር ቦታው ሦስተኛው በር ነው፡፡ ስሙ "ጊታር" ስለሚል ብዙዎቻችን እጃችን በደመ ነፍስ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፡፡ የእኔም ስህተት ይኸው ነበር፡፡ የጎላ ሲግናል ደካማ ለሚጠብቅ በር ሲሰጡት፣ የጌይን መቆጣጠሪያውን እስከ ታች ቢያወርዱትም እንኳ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል፡፡

እንደ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ባሉ በስፋት በሚታወቁ ኢንተርፌሶች ላይ ሁለት ዓይነት ጃክ የሚቀበል አንድ ቀዳዳ አለ፡፡ ባለ ሦስት እግሩ ኤክስኤልአር ሲሰካበት የማይክሮፎን በር ይሆናል፡፡ መሐሉ ላይ ወፍራሙ የ6.35 ሚሊሜትር ጃክ ሲገባ ደግሞ ላይን ወይም ኢንስትሩመንት ይሆናል፡፡ የሚለየው አጠገቡ ያለው ቁልፍ ነው፡፡ ፕሮሰሰር ሲሰኩ ይህ ቁልፍ ላይን ላይ መሆን አለበት፡፡

ከፕሮሰሰሩ ጃክ ወደ ኤክስኤልአር በሚቀይር ገመድ ማገናኘትም አይመከርም፤ ወደ ማይክሮፎን በር ያስገባዎታልና፡፡ ፕሮሰሰሩ የራሱ የኤክስኤልአር መውጫ ኖሮት በዚያ መጠቀም ግድ ከሆነብዎ፣ ባለ 48 ቮልቱ ፋንተም ፓወር መጥፋቱን ያረጋግጡ፡፡ ለኮንደንሰር ማይክሮፎን የታሰበ ኤሌክትሪክ ወደ ፕሮሰሰሩ መውጫ ተመልሶ እንዲገባ አይፈለግም፡፡

ፕሮሰሰሩ ወዴት እንደተሰካ ይንገሩት

ገመዱ በትክክለኛው በር ገብቶም ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጭንና ጆሮ የሚበሳ ከሆነ ችግሩ ያለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፡፡

የጊታር አምፕሊፋየር ስፒከር፣ ለምሳሌ የተለመደው ባለ 12 ኢንቹ፣ ከ5 ኪሎኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ በእጅጉ ይቀንሳል፡፡ የዲስቶርሽንን ሸካራነት አለስልሶ ለጆሮ የሚስማማ የሚያደርገው ይህ ነው፡፡ ኢንተርፌስና ላፕቶፕ ይህ ባሕርይ የላቸውም፡፡ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ስፒከሩን ራሱ ማስመሰል ይኖርበታል፡፡ በአንጻሩ ፕሮሰሰሩን ከእውነተኛ የጊታር አምፕሊፋየር ጋር ሲጠቀሙ ይህ ማስመሰያ ሲደረብ ድምፁ ይታፈናል፡፡ አምራቾች ለዚህ ነው የመውጫ ምርጫ ያስቀመጡት፡፡

በቦስ የጂቲ ተከታታይ ፕሮሰሰሮች "ላይን/ፎንስ" የሚለውን ይምረጡ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የላይን 6 ፖድ ኤችዲ500 ላይ ደግሞ ምርጫው "ስቱዲዮ/ዳይሬክት" ይባላል፤ ከጀርባው ያለው "አምፕ/ላይን" የሚለው ማብሪያም ወደ ላይን መዞር አለበት፡፡ የሌሎች ኩባንያዎች ስያሜ ቢለያይም ጥያቄው አንድ ነው፤ "የተሰካሁት አምፕሊፋየር ላይ ነው ወይስ መቅረጫ ላይ?" ነው የሚልዎት፡፡ ከመድረክ የመጣ ፕሮሰሰር ሲበደሩ በመጀመሪያ የሚያዩት ይህንን ይሁን፡፡

አንድ ገመድ ወይስ ሁለት?

አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ግራና ቀኝ መውጫ አላቸው፡፡ ከግራው አጠገብ "ሞኖ" የሚል ጽሑፍ ያያሉ፡፡ በግራው ብቻ ከሰኩ ፕሮሰሰሩ ሁለቱን ወገን አንድ አድርጎ ያወጣል፡፡ ለአጃቢ ጊታርና ከድምፃዊው ጋር ለሚመላለሱ ነጠላ ዜማዎች ይህ በቂ ነው፡፡ ዲሌዩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተመላለሰ እንዲሰማ ከፈለጉ ግን ሁለት ገመድ ወደ ሁለት የላይን በሮች ይሰኩና በቀረጻ ፕሮግራሙ ላይ ስቴሪዮ ትራክ ይክፈቱ፡፡ የሁለቱም በሮች ጌይን እኩል ይሁን፡፡

እዚህ ላይ ብዙዎችን ያደናገረ አንድ ወጥመድ አለ፡፡ ገመድ ሲያጥር የፕሮሰሰሩን የጆሮ ማዳመጫ መውጫ ባለ ሁለት ቀለበት ጃክ ባለው ገመድ ወደ ኢንተርፌሱ መሰካት ነው፡፡ የጆሮ ማዳመጫው ጃክ ግራና ቀኝን ይዞ ይመጣል፡፡ ባላንስድ የሆነው የላይን በር ደግሞ ሁለቱን እንደ አንድ ሲግናል ቆጥሮ ልዩነታቸውን ብቻ ይወስዳል፡፡ ውጤቱ በሁለቱም ወገን እኩል ያለው የጊታሩ ዋና ድምፅ ተጣፍቶ፣ ሪቨርቡና ዲሌዩ ብቻ ከሩቅ እንደሚመጣ ጥላ መሰማቱ ነው፡፡ እንዲህ ያለ ነገር ከሰሙ ጊታርዎ አልተበላሸም፤ ገመዱን ይመልከቱ፡፡

መጠኑን እንዴት ያስተካክላሉ?

ቅደም ተከተሉ ከምንጩ ወደ ኮምፒውተሩ ነው፡፡

በመጀመሪያ የኢንተርፌሱን ጌይን እስከ ታች ያውርዱ፡፡ የፕሮሰሰሩን ዋና ቮልዩም ከግማሽ በላይ፣ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ ያድርሱት፡፡ ቀጥሎ ከሚጠቀሙባቸው ድምፆች ሁሉ የጎላውን፣ ብዙውን ጊዜ የሶሎውን፣ ይምረጡና በቀረጻው ጊዜ እንደሚመቱት አድርገው ጠንከር ብለው ይምቱ፡፡ ለሙከራ ቀስ ብለን እየነካካን ለቀረጻ ስንቀመጥ መጋል ልማዳችን ነውና፡፡ አሁን ጌይኑን ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉ፡፡ በቀረጻ ፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ ያቁሙ፡፡

"ዝቅ አልበዛም ወይ?" ሊሉ ይችላሉ፡፡ በቴፕ ዘመን ከማሽኑ እሽታ ለማምለጥ ጎላ አድርጎ መቅረጽ ይመከር ነበር፡፡ በ16 ቢት ቀረጻ እንኳ በጽሑፍ ደረጃ ያለው ስፋት 96 ዴሲቤል ገደማ ነው፡፡ በ24 ቢት ወደ 144 ዴሲቤል ያድጋል፡፡ ስለዚህ ፕሮግራሙን በ24 ቢት ካስተካከሉ 12 ዴሲቤል መተው ምንም አያጎድልብዎትም፤ በኋላ ማጉላት ይቻላል፡፡ ዜሮን ያለፈ ሲግናል ግን ጫፉ በመቀስ እንደተቆረጠ ይሆናል፡፡ የተቆረጠውን ክፍል ኮምፒውተሩ ስላልመዘገበው የሚመልሰው ነገር የለም፡፡ አንዳንድ ፕሮግራሞች በግምት ይሞሉታል እንጂ የአጫዋቹን እጅ አያገኙትም፡፡ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፡፡

መለኪያው ዝቅ ብሎ እያለ ድምፁ ከተሰነጣጠቀስ? ያኔ የሞላው ከኢንተርፌሱ በፊት ያለ ቦታ ነው፡፡ በፕሮሰሰሩ ውስጥ አምፕሊፋየሩ፣ ኮምፕረሰሩና ኢኪው እየተደራረቡ ሲያጎሉት የራሱ መውጫ ሊሞላ ይችላል፡፡ የተመረጠውን ድምፅ የውስጥ ቮልዩም ይቀንሱ፡፡

በዲጂታል ገመድ ከሆነ

አንዳንድ ፕሮሰሰሮችና ኢንተርፌሶች ኤስፒዲፍ የተባለ ዲጂታል መግቢያና መውጫ አላቸው፡፡ በዚህ ሲገናኙ ድምፁ ከቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከኤሌክትሪክ ወደ ቁጥር መመላለሱ ይቀራል፤ የጌይን ጭንቀትም የለም፡፡ በምትኩ የሰዓት ጉዳይ ይመጣል፡፡ ሁለቱ ዕቃዎች በሴኮንድ እኩል ቁጥር፣ ለምሳሌ 44.1 ወይም 48 ኪሎኸርዝ፣ መሥራት አለባቸው፡፡ አንደኛው መሪ፣ ሌላው ተከታይ መሆን ይኖርበታል፡፡ ፕሮሰሰሩ ላኪ ከሆነ ኢንተርፌሱ የሰዓት ምንጩን "ኤስፒዲፍ" እንዲያደርግ ይታዘዛል፡፡ ይህ ካልተደረገ በየመሐሉ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይገባል፡፡ በ44.1 የተቀረጸ በ48 ከተጫወተ ደግሞ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ቅኝቱም አንድ ተኩል ሰሚቶን ገደማ ከፍ ይላል፡፡ ገመዱም 75 ኦም የሆነ ኮአክሲያል ቢሆን ይመረጣል፡፡

ድምፁ ሁለት ጊዜ ሲሰማ

ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ገብቶ እስኪመለስ ጥቂት ይዘገያል፡፡ የመጠባበቂያው መጠን 256 ሳምፕል፣ ቀረጻው 48 ኪሎኸርዝ ከሆነ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከ5 ሚሊሴኮንድ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ነው፡፡ መልሱና የሌሎቹ ዕቃዎች ጊዜ ሲደመርበት ጣት የሚቀድም፣ ጆሮ የሚከተል ይሆናል፡፡

ፕሮሰሰር ላለው ሰው መፍትሔው ቀላል ነው፡፡ ድምፁ ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ከኮምፒውተሩ ተመልሶ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፡፡ በኢንተርፌሱ ላይ "ዳይሬክት ሞኒተር" የሚለውን ያብሩና በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የትራክ ሞኒተር ያጥፉ፡፡ ሁለቱም ከበሩ ጊታሩ ድርብ ሆኖ፣ በቧንቧ ውስጥ እንደሚያልፍ ይሰማል፡፡

የሚያጉረመርመው ድምፅ

በአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፡፡ በቅጂው ውስጥ የሚያጉረመርም ወፍራም ድምፅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው 50 ኸርዝና እጥፉ 100 ኸርዝ ነው፡፡ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ ያድርጉ፡፡ ድምፁ ከጠፋ የመጣው ከጊታሩ ነው፡፡ ከትራንስፎርመርና ከስክሪን ራቅ ብለው ፊትዎን ያዙሩ፡፡ ካልጠፋ ከግንኙነቱ ነው፡፡ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለው በባትሪ ይሞክሩት፡፡ ሁሉንም ዕቃ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ፡፡ ፕሮሰሰሩ በጃክም በዩኤስቢም ከተገናኘ የዩኤስቢውን ይንቀሉ፡፡ ይህ ሁሉ ካልሠራ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ በመሐል ማስገባት ነው፡፡

ድምፁ እንዲጠፋ ብሎ የመሬት መስመሩን እግር መቁረጥ ግን ጨርሶ የማይሞከር ነው፡፡ ያ መስመር ዕቃው ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ በክሩና በእጅዎ በኩል እንዳያልፍ የሚከላከል ነው፡፡ ጊታር የያዘ ሰው ብረት ጨብጦ የተቀመጠ ሰው መሆኑን አይርሱ፡፡

መብራት ሲቆራረጥም ላፕቶፑና በዩኤስቢ ኃይል የሚሠራው ኢንተርፌስ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፡፡ ፕሮሰሰሩ ግን ይጠፋል፡፡ ትንሽ ዩፒኤስ ካለዎት ለእሱ ያድርጉት፡፡

ደረቁንም ያስቀሩ

የመጨረሻው ምክር ምናልባት ከሁሉም የሚጠቅመው ነው፡፡ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለፈ ድምፅ ዲሌዩም ዲስቶርሽኑም አብሮት ተጋግሮ ይቀረጻል፡፡ በኋላ አቀናባሪው "ኢኮው በዝቷል" ቢል የሚነቀል ነገር የለም፡፡ ስለዚህ ከተቻለ ምንም ያልተጨመረበትን የጊታር ድምፅ በሌላ ትራክ አብሮ መቅረጽ ይመረጣል፡፡ ሁለት መግቢያ ባለው ኢንተርፌስ ጊታሩን በመጀመሪያ ወደ ዲአይ ቦክስ ይሰኩ፡፡ ከዚያ አንዱ መስመር በማይክሮፎን በር ደረቁን ይዞ ወደ ኢንተርፌሱ ይሄዳል፡፡ ሁለተኛው ወደ ፕሮሰሰሩ ገብቶ በላይን በር ይመጣል፡፡ አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ደረቁን በዩኤስቢ ለብቻው ያወጣሉ፡፡ የሠሩት ድምፅ ካልተወደደ ደረቁን መልሶ በፕሮሰሰሩ ማሳለፍ ይቻላል፤ የኢንተርፌሱ መውጫ ከጊታር የጎላ ስለሆነ ግን መጠኑን መቀነስ ያስፈልጋል፡፡

እኔ አሁን በኢንተርፌሱ ክዳን ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፌያለሁ፡፡ አምስት መስመር ናት፡፡ በሩ ላይን ነው? የፕሮሰሰሩ መውጫ ወደ መቅረጫ ዞሯል? ጫፉ ከዜሮ በታች 12 ነው? ፋንተም ፓወር ጠፍቷል? አንድ ደቂቃ ቀርጸህ መልሰህ አዳምጠሃል?

ያቺ አምስተኛዋ ብቻ ብትኖረኝ የዚያን ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ባተረፈችልኝ ነበር፡፡ አጎቴ ባለፈው ሳምንት ሲደውል ለገና እመጣለሁ ብሏል፡፡ ጣቶቹ እንደ በፊቱ እንደማይታዘዙለትም ነግሮኛል፡፡ ገመዶቹን ከአሁኑ አዘጋጅቻለሁ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡